ምልክት የተደረገበት ዩሪያ፦ የአንድ ኤንዛይም ሥራ በትንፋሽ የተለካበት ታሪክ

መግቢያ

በጤና ተቋሞቻችን የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች ዘወትር ከሚቀርቡ ቅሬታዎች መካከል የጨጓራ ሕመም አንዱ ነው። ሕመምተኛው ልቡን እያቃጠለው፣ እህል አልስማማው ብሎ ይመጣል። ምርመራው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ መኖሩን ሲያሳይ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ በባለሙያውና በሕመምተኛው መካከል የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ባክቴሪያው በመድኃኒቱ ጠፍቶ ነበርን? ወይስ ዛሬም በሕይወት አለ?

ይህን ጥያቄ በአግባቡ ለመመለስ ባክቴሪያው በአንድ ወቅት በሰውነት ውስጥ እንደነበረ ማወቅ አይበቃም። አሁን ሕያው መሆኑንና ሥራ እየሠራ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ከተገኙት ዘዴዎች ሁሉ የረቀቀው፣ ካርቦኑ ላይ ምልክት የተደረገበትን ዩሪያ ለሕመምተኛው አውጦ ትንፋሹን መመርመር ነው። ዘዴው ወደ ሕክምና የገባው በ1980ዎቹ መጨረሻ ቢሆንም መሠረቱ የተጣለው ከዚያ 35 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ዕውቀት እንዴት እንደተገኘ፣ ለምን ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት እንደቆየና ዛሬ ለጤና ባለሙያው ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ባጭሩ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤንዛይምን በሥራው መለካት

ኤንዛይሞች በሰውነት ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች ናቸው። መጠናቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነና ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተደባልቀው ስለሚገኙ በቀጥታ መዝኖ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ የሥነ ሕይወት ኬሚስትሪ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ኤንዛይምን የሚለኩት በሥራው ነው። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ጥሬ ነገር ወደ ውጤት እንደለወጠ ይቆጠራል። በአንድ ደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ጥሬ ነገር የሚለውጥ የኤንዛይም መጠን አንድ ዩኒት መባሉም ከዚሁ የመነጨ ነው። በዚህ አለካክ የሞተ ወይም የተበላሸ ኤንዛይም ቢኖርም ዋጋ የለውም፤ የሚቆጠረው ሥራ ላይ ያለው ብቻ ነው።

የጽሑፋችን ርእስ የሆነው ኤንዛይም ዩሬዝ ይባላል። ዩሬዝ በኤንዛይሞች ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። በ1926 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጄምስ ሰምነር ጃክ ቢን ከተባለ የባቄላ ዘር ዩሬዝን አጣርተው በክሪስታል መልክ ለማውጣት ቻሉ። ከዚያ ቀደም ኤንዛይምን አጥርቶ በክሪስታል መልክ ያወጣ ሰው አልነበረም። ሰምነር ገና በ17 ዓመታቸው በአደን ላይ በደረሰባቸው አደጋ ይሠሩበት የነበረውን ግራ እጃቸውን ያጡ፣ ሙሉ የቤተ ሙከራ ሕይወታቸውንም በአንድ እጅ የገፉ ሰው ነበሩ። ኤንዛይም ፕሮቲን ነው የሚለው መደምደሚያቸው ለብዙ ዓመታት በታላላቅ ኬሚስቶች ዘንድ ተቀባይነት አጥቶ ቆይቶ በ1946 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

የዩሬዝ ሥራ ቀላል ነው። አንድ የዩሪያ ሞለኪውል በውኃ ሲሰነጠቅ ሁለት የአሞኒያና አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይሰጣል። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ይህን ለውጥ መከታተል ምንም አያስቸግርም፤ የወጣውን አሞኒያ መለካት ይበቃል። በሕያው ሰውነት ውስጥ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። አሞኒያ ከብዙ ምንጮች ይመጣል፤ ወዲያውም ጉበት መልሶ ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከምንበላው ምግብ ሁሉ ስለሚመነጭ ያለማቋረጥ ከሳንባ ይወጣል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ትንፋሽ መካከል ከዩሪያ የመጣችውን ጥቂት ድርሻ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው?

መልሱ የእኛ አገር ባለከብት ከሚያውቀው ዘዴ የተለየ አይደለም። በሬው ከሌላ መንጋ ጋር ቢቀላቀልበት ለይቶ የሚያወጣው ቀድሞ ባደረገበት ምልክት ነው። ምልክቱ የበሬውን ጉልበትም ሆነ ጠባይ አይለውጥም፤ ማንነቱን ብቻ ያስታውቃል። በኬሚስትሪም ይህን አሠራር የጀመሩት ሀንጋሪያዊው ጆርጅ ደ ሄቬሲ ናቸው። በ1923 ጨረራ የሚያመነጭ የእርሳስ አይሶቶፕ በመጠቀም ተክሎች እርሳስን ከሥር ወደ ግንድና ቅጠል እንዴት እንደሚያጓጉዙ ተከታተሉ። ለዚህና ከዚያ በኋላ ላከናወኑት ሥራ የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሆኖም ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተገነባው በካርቦን ላይ በመሆኑ፣ ዘዴው ለሕክምና ሙሉ ጥቅም እንዲሰጥ ምልክት ሊሆን የሚችል ካርቦን መገኘት ነበረበት።

የካርቦን 14 መገኘት

በ1930ዎቹ መጨረሻ ይታወቅ የነበረው ጨረራ አመንጪ ካርቦን፣ ካርቦን 11 ነበር። ግማሽ ዕድሜው 20 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሙከራው ሳይጠናቀቅ ምልክቱ ይጠፋል። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ማርቲን ካመንና ሳሙኤል ሩበን በዚህ አጭር ዕድሜ ባለው ካርቦን እየተጣደፉ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ ግራፋይትን በሳይክሎትሮን መሣሪያ ለብዙ ሰዓታት በመደብደብ የካቲት መጨረሻ 1940 ካርቦን 14ን አገኙ። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ያህል ነው። በሌላ አነጋገር በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምልክቱ የሚደበዝዝ አይደለም።

ግኝቱ ለሁለቱም ብዙ ደስታ አላመጣም። ሩበን በ1943 በጦርነቱ ምክንያት በሚያጠኑት መርዘኛ ጋዝ ተመርዘው ገና በወጣትነታቸው ሞቱ። ካመንም በ1944 በፖለቲካ ጥርጣሬ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ስማቸውን ለማጥራትም ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ ግን የኦክ ሪጅ የኑክሊየር ማብለያ ካርቦን 14ን በብዛት ማምረት ጀመረ። ነሐሴ 1946 ከዚያ ለሰላማዊ አገልግሎት ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው አይሶቶፕ ካርቦን 14 ሲሆን፣ ተቀባዩም በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኝ የካንሰር ሆስፒታል ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስኳርን፣ አሚኖ አሲድን፣ ዩሪያንና ሌሎችንም ውህዶች በካርቦን 14 እየሠሩ የኤንዛይሞችን ሥራ መከታተል በየቤተ ሙከራው የተለመደ ሆነ።

የድመቶቹ ትንፋሽ

የጨጓራ ዩሬዝ ጉዳይ ከካርቦን 14 በፊት የተነሣ ነው። በ1924 ሉክና ሴት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንስሳት የጨጓራ ግድግዳ ላይ ዩሬዝ መኖሩን ገለጹ። ከዚያም በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ኦሊቨር ፊትዝጄራልድ የተባሉ ሐኪም የሰውን ጨጓራ ዩሬዝ ለብዙ ዓመታት አጠኑ። በ1950 ባሳተሙት ሥራ ኤንዛይሙ አሲዱን የሚያረክስ አሞኒያ በማመንጨት የጨጓራን ግድግዳ ይጠብቃል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ የጨጓራ ቁስለት ላለባቸው ሕሙማንም ዩሪያ እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። በዚያ ዘመን ኤንዛይሙ የጨጓራ የራሱ ንብረት መሆኑን የተጠራጠረ ጥቂት ነበር።

ጉዳዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ የመራው ሥራ የተካሄደው በእንግሊዝ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃንስ ክሬብስ በሚመሩት ክፍል ነው። ክሬብስ በ1932 ከኩርት ሄንሰላይት ጋር ጉበት ዩሪያን የሚሠራበትን ዑደት በጀርመን አገር ያገኙ፣ በማግሥቱ ዓመት ግን አይሁዳዊ በመሆናቸው ከሥራቸው ተባርረው እንግሊዝ የገቡ ስደተኛ ነበሩ። በዚሁ ክፍል በረዳትነት ተቀጥረው ኋላም ለዶክትሬት የተማሩት ሃንስ ኮርንበርግም እንዲሁ በ1939 በልጅነታቸው ከጀርመን የሸሹ ነበሩ። ኮርንበርግ ከሮበርት ዴቪስና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በካርቦን 14 የተሠራ ዩሪያ ለድመቶች በመርፌ ሰጡ፤ ከዚያም ትንፋሻቸውን ሰብስበው መረመሩ። ውጤቱ በ1952 ታተመ።

በጊዜው በነበረው ትምህርት መሠረት ዩሪያ የሰውነት የመጨረሻ ዝቃጭ ስለሆነ ሳይለወጥ በሽንት መውጣት ነበረበት። የአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ዩሬዝ የላቸውምና። ነገር ግን ምልክት የተደረገበት ካርቦን በድመቶቹ ትንፋሽ ውስጥ ተገኘ። በሰውነታቸው ውስጥ አንድ ነገር ዩሪያውን እየሰነጠቀው ነበር ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ጥናቱን ቀጥለው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተሰጣቸው እንስሳት የዩሬዙ ሥራ እንደሚጠፋ ተመለከቱ። ከ1954 እስከ 1955 ባወጧቸው ጽሑፎችም የጨጓራ ዩሬዝ ምንጩ ጨጓራው ሳይሆን በላዩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ።

ማስረጃው በዚህ አላቆመም። በ1959 ሊበርና ለፌቭር ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማንን አጥንተው፣ ሕሙማኑ ቴትራሳይክሊን ሲወስዱ በጨጓራቸው ፈሳሽ ያለው አሞኒያ እንደሚቀንስና አሲዱ እንደሚጨምር አሳዩ። በዚያው ዓመት ዋልሰርና ቦደንሎስ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ለሰዎች ሰጥተው፣ ከዩሪያው ከፊሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ እንደሚሰነጠቅ አረጋገጡ። በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩት ዴቪስ ከዴሉቫና ከማርክሊ ጋር በ1968 ያወጡት ሥራ ጥርጣሬውን ዘጋው። ከተወለዱ ጀምሮ ከማንኛውም ጀርም ተለይተው ባደጉ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ ዩሬዝ ጨርሶ አልተገኘም።

ሁለት መንገዶች ሳይገናኙ የቀሩበት ዘመን

እንግዲህ በ1968 የሚከተሉት ሁሉ በጽሑፍ ሰፍረው ነበር። የሰው ጨጓራ ዩሬዝ አለው። ዩሬዙ የባክቴሪያ ነው። አንቲባዮቲክ ያጠፋዋል። ሥራውን ምልክት በተደረገበት ዩሪያ አማካይነት በትንፋሽ መከታተል ይቻላል። አሁን ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው አንዲት እርምጃ ብቻ የቀረች ይመስላል። ያቺ እርምጃ ግን ሳትወሰድ ብዙ ዓመታት አለፉ።

የዚህ አንዱ ምክንያት በሌላ የሙያ ዘርፍ የተሰጠ ፍርድ ነው። ካርቦን 14 በተገኘበት በ1940፣ በቦስተን ፍሪድበርግና ባሮን የተባሉ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና በወጡ የሰው ጨጓራዎች ላይ በብር ማቅለሚያ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችን አይተው ነበር። ነገር ግን በ1954፣ የኮርንበርግና የዴቪስ ሥራ በታተመበት በዚያው ዓመት፣ አሜሪካዊው ሐኪም ኤዲ ፓልመር ከ1,000 በላይ ከሚሆኑ ሰዎች ጨጓራ የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምረው አንድም ጠመዝማዛ ባክቴሪያ እንዳላገኙ አስታወቁ። ፓልመር የተጠቀሙት ባክቴሪያውን ጎልቶ እንዲታይ የሚያደርገውን የብር ማቅለሚያ ሳይሆን የተለመደውን የሕብረ ሕዋስ ማቅለሚያ ነበር። ይሁንና የናሙናዎቹ ብዛት ክብደት ሰጥቷቸው የእርሳቸው ቃል የመጨረሻ ተደርጎ ተወሰደ። ብዙ አሲድ ባለበት ጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም የሚለው እምነትም ከዚያ በኋላ ጸና።

ሁለተኛው ምክንያት በእኛ አስተያየት ከመጀመሪያው ይልቅ አስተማሪ ነው። የሥነ ሕይወት ኬሚስትሪ ሊቃውንቱ ይዘውት የተነሡት ጥያቄ ጨጓራ አሲድ ለማመንጨት ዩሬዝ ያስፈልገዋልን? የሚል ነበር። ኤንዛይሙ የባክቴሪያ መሆኑ ሲታወቅ ለጥያቄያቸው መልስ አገኙ፤ አሲዱ ያለ ዩሬዝም ይመነጫል። "የባክቴሪያ ነው" የሚለው ቃል ለእነርሱ የምርምሩ መዝጊያ ሆነ። ለሐኪሙ ግን ያው ቃል የምርምር መክፈቻ በሆነ ነበር። ምን ዓይነት ባክቴሪያ ነው? በማን ጨጓራ ይኖራል? ምን ጉዳትስ ያደርሳል? ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ሆኖም ኬሚስቱ የሚያነበውን መጽሔት ሐኪሙ አያነብም፤ ሐኪሙ ያየውን በሽተኛ ኬሚስቱ አያይም።

የዚህን መዘግየት ዋጋ የከፈሉት ሕሙማን ናቸው። በእነዚያ ዓመታት የጨጓራና የዱኦዲነም ቁስለት መንስኤው ጭንቀትና የአሲድ መብዛት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሕመሙ የጸናባቸው ሰዎች የጨጓራቸው ከፊል በቀዶ ሕክምና ይወጣ ወይም ቬገስ የተባለው ነርቭ ይቆረጥ ነበር። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ እንደ ሲሜቲዲን ያሉ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች ሲመጡ ቀዶ ሕክምናው ቀነሰ፤ ቁስለቱ ግን መድኃኒቱ በቆመ ቁጥር እየተመለሰ ሕሙማንን ዕድሜ ልክ የመድኃኒት ጥገኛ አድርጓቸው ነበር።

ከፐርዝ የመጣው ዜና

በ1979 በምዕራብ አውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ የፓቶሎጂ ሐኪም የሆኑት ሮቢን ዋረን በተቆጣ የጨጓራ ግድግዳ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችን ተመለከቱ። ግኝታቸውን ያረጋገጡትም በብር ማቅለሚያ ነበር። በ1981 ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ። ባክቴሪያውን ለማራባት ያደረጉት ሙከራ በተደጋጋሚ ከሸፈ፤ የማራቢያ ሳህኖቹ እንደ ልማዱ ከሁለት ቀን በኋላ ይጣሉ ነበርና። በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ግን ሳህኖቹ ሳይነሡ ለአምስት ቀናት ያህል ቆዩ፤ ባክቴሪያውም በቅሎ ተገኘ። በ1984 ማርሻል ጤነኛ መሆናቸውን በኢንዶስኮፒ ካስመረመሩ በኋላ የባክቴሪያውን ብጥብጥ ጠጥተው የጨጓራ መቆጣት እንደያዛቸው አሳዩ። ሁለቱ ሐኪሞች የ2005ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በመጀመሪያ ካምፒሎባክተር፣ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ይህ ባክቴሪያ ከፍተኛ የዩሬዝ ሥራ ያለው መሆኑ በ1984 በኔዘርላንድስ ሐኪሞች ተገለጸ። ባክቴሪያው በአሲድ መካከል ሊኖር የሚችለውም በዚሁ ኤንዛይም ነው። ከአካባቢው የሚያገኘውን ዩሪያ እየሰነጠቀ በአሞኒያ አሲዱን በማርከስ ራሱን ይከላከላል። ፊትዝጄራልድ ዩሬዝ ከአሲድ ይከላከላል ማለታቸው ትክክል ነበር፤ የሚከላከለው ግን ጨጓራውን ሳይሆን የጨጓራውን ጠላት ኖሯል። የተረሱት የድመቶች ጥናቶችም አዲስ ትርጉም አገኙ።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛው

ዘዴው ወደ ሕክምና የገባው በፍጥነት ነው። በ1987 በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ዴቪድ ግራሃምና ባልደረቦቻቸው ጨረራ በሌለው በካርቦን 13፣ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቤልና ባልደረቦቻቸው በካርቦን 14 የተሠራ ዩሪያ በመጠቀም ባክቴሪያውን በትንፋሽ መለየት እንደሚቻል በላንሴት መጽሔት አስታወቁ። በ1988 ማርሻልና የኑክሊየር ሕክምና ባለሙያው አይቨር ሰርቬየር የካርቦን 14ን ዘዴ በዝርዝር አቀረቡ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሕመምተኛው ከምግብ ተከልክሎ ከቆየ በኋላ ምልክት የተደረገበትን ዩሪያ በውኃ ይውጣል። በጨጓራው ዩሬዝ ካለ ዩሪያው ይሰነጠቃል፤ ምልክት ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወደ ደም ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከሳንባ ይወጣል። ዩሬዝ ከሌለ ዩሪያው ሳይለወጥ በሽንት ይወገዳል። ትንፋሹ የሚሰበሰበው ወይ በፊኛ፣ ወይ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚይዝ ቀለም በተጨመረበት ፈሳሽ ውስጥ በቱቦ በመንፋት ነው። ፈሳሹ የታወቀ መጠን ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ ቀለሙ ይጠፋል፤ ይህም የሁሉም ሕሙማን ናሙና እኩል እንዲሆን ያስችላል። በመጨረሻ በፈሳሽ ሲንቲሌሽን ቆጣሪ መሣሪያ ከናሙናው የሚወጣው ጨረራ ይቆጠራል።

ዘዴው ሲጀመር አንድ ሳንካ ነበረው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ዩሬዝ ስላላቸው ዩሪያው በፈሳሽ መልክ ሲጠጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሐሰተኛ ውጤት ይታይ ነበር። ዩሪያውን በካፕሱል አድርጎ ማዋጥ ችግሩን አቃለለው። በ1997 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተፈቀደው ካፕሱል የያዘው አንድ ማይክሮኩሪ ወይም 37 ኪሎ ቤክረል ብቻ ሲሆን፣ ትንፋሹ የሚወሰደውም ካፕሱሉ ከተዋጠ ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። ሕመምተኛው ከዚህ የሚያገኘው የጨረራ መጠን ማናችንም በአንድ ቀን ከተፈጥሮ ከምናገኘው አይበልጥም። በዚህም ምክንያት በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የኑክሊየር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሐኪሞች ካፕሱሉን ያለ ልዩ የጨረራ ፈቃድ እንዲጠቀሙ የሚያስችል ደንብ አወጣ።

መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ጨረራ ጨረራ ነውና፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚመረጠው ካርቦን 13 ነው። ካርቦን 13 ጨረራ የለውም፤ በተፈጥሮም ከካርቦን ሁሉ 1.1 በመቶ ያህሉ እርሱ ነው። የሚለየው በክብደቱ ስለሆነ መጀመሪያ ውድ የሆነ የማስ ስፔክትሮሜትር መሣሪያ ይጠይቅ ነበር፤ ኋላ ርካሽ የኢንፍራሬድ መሣሪያዎች ሲመጡ በብዙ አገሮች የካርቦን 14ን ስፍራ እየወሰደ ሄዷል። የምልክቱ ዓይነት ቢለወጥም ሐሳቡ ግን ያው የሼፊልዱ ሐሳብ ነው።

ለዕለት ሥራችን ያለው ትርጉም

በአገራችን የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ስርጭት ከፍተኛ ነው። በ2019 የታተመ አንድ የጥናቶች ክለሳ በኢትዮጵያ ከተመረመሩት ሰዎች 52.2 በመቶ ያህሉ ባክቴሪያው እንደተገኘባቸው አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን በ1994 ከቀዳሚዎቹ ካንሰር አምጪዎች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ የምርመራዎቻችንን ትርጉም አጥርቶ መረዳት ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

በደም ውስጥ አንቲቦዲን የሚፈልገው ምርመራ የሚነግረን ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር መተዋወቁን ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናውን በሚገባ የጨረሰን ሰው በዚህ ምርመራ መልሶ መርምሮ "ባክቴሪያው አልጠፋም" ማለትና ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ማዘዝ ስሕተት ነው። ሕመምተኛው ለማያስፈልገው ወጪና ለመድኃኒት ጉዳት ይዳረጋል፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን እንዲለምዱ መንገድ ይከፈታል። የትንፋሽ ምርመራ ግን የሚለካው ሥራን ነው። የሞተ ባክቴሪያ ዩሪያን አይሰነጥቅም። የትንፋሽ ምርመራ በማይገኝበት ስፍራ ለዚህ ዓላማ የሚቀርበው የባክቴሪያውን አንቲጅን በሰገራ ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ ነው።

ሥራን የሚለካ ምርመራ የራሱ ድክመትም አለው። ሥራው ለጊዜው ከቀነሰ ባክቴሪያው እያለ የሌለ ያስመስላል። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የባክቴሪያውን ቁጥርና የዩሬዙን ሥራ ስለሚቀንሱ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት መቆም አለባቸው። አንቲባዮቲክና ቢስመዝም ለአራት ሳምንት መቆም ይኖርባቸዋል። ይህ ጥንቃቄ ለሰገራው የአንቲጅን ምርመራም ያስፈልጋል። የሕክምናውን ውጤት ለማረጋገጥ የሚደረግ ምርመራ ሕክምናው ካለቀ አራት ሳምንት ሳይሞላ መደረግ የለበትም። በአንጻሩ ጨጓራቸው አሲድ ማመንጨት ባቆመ ሰዎች ሌሎች ዩሬዝ ያላቸው ባክቴሪያዎች ስለሚራቡ ሐሰተኛ አዎንታዊ ውጤት ሊታይ ይችላል። ሕመምተኛውን ከምርመራው በፊት "ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?" ብሎ መጠየቅ መሣሪያውን የማስተካከል ያህል አስፈላጊ ነው።

ማጠቃለያ

ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስተምረናል። የመጀመሪያው፣ ኤንዛይምን በሥራው የመለካት የጥንቱ ዘዴ ከአይሶቶፕ ዕውቀት ጋር ሲጣመር፣ ከውጭ በማይታይ የሰውነት ክፍል የሚካሄድን ለውጥ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ኢንዶስኮፒ ለማወቅ ማስቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማስረጃ በእጅ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የድመቶቹ ትንፋሽ በ1952 የተናገረውን ሐኪሞች የሰሙት በ1980ዎቹ ነው። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት የጠፉት በመሣሪያ እጥረት ሳይሆን፣ አንዱ ባለሙያ ለሌላው የሚጠቅም ነገር መያዙን ባለማወቁ ነው።

ይህ ዓይነቱ መለያየት በዛሬውም የጤና ተቋም እንግዳ ነገር አይደለም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ውጤቱን ጽፎ ይልካል፤ ሐኪሙ ወይም ነርሱ ወረቀቱን አንብቦ መድኃኒት ያዛል። ምርመራው የለካው ያለፈን ትውውቅ ይሁን የዛሬን ሥራ፣ ሕመምተኛው ትናንት ኦሜፕራዞል ወስዶ ይሁን አይሁን፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚነጋገርበት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ምናልባትም በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው። ሼፊልድና ፐርዝን ለማገናኘት 30 ዓመት ወስዷል፤ ኮሪደሩን ለማቋረጥ ግን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።